የአራት ሌሊት ማደሪያ

ሲስተር በእርሳስ የጻፈችውን መልሳ ሰረዘችና ደብተሩን ከወንድሟ ፀጉር ቤት መስተዋት ሥር፣ በማበጠሪያዎቹና በፓውደሩ ቆርቆሮ መካከል ጣለችው።

«ይኸው፣ ይሄም ቀረ! ዛሬም ውሻ አለ ተባልኩ።»

ወንድሟ በአንድ ደንበኛ ማጅራት ላይ ጎንበስ እንዳለ ቀና አላለም። ሰፈሩ «መቀስ» ይለዋል፤ ስሙ የወጣለት ለእጁም ለአፉም ነው።

«ውሻ? አባዬ ነው ውሻ አለ ያለው?»

«ሌላ ማን አለኝ እንዲህ የሚያቃጥለኝ?»

«ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው በር ላይ ሲቆም ያልዘነጠለው ውሻ የለም፤ እናታችን ሱሪውን ስትጥፍለት ነው የኖረችው። ዛሬ በስተርጅና ውሻ ፈራሁ አለ?» የደንበኛው ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «አይንቀሳቀሱ ጌታዬ፤ ጆሮዎ ኋላ ያስፈልግዎታል።»

«ቀልድህን ተወኝ» አለች ሲስተር። «ሳምንት ሙሉ ስልክ ስደውል ጆሮዬ ጋለ። ሰባት ቤት አገኘሁለት፣ ሰባቱንም አፈረሰ።»

«ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል አትይውም? አልጋ አልጋ ነው።»

«አልኩት እንጂ! ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አንቺ ልጅ ነሽ፣ የትም ትተኛለሽ›። እኔ! በሠላሳ ስምንት ዓመቴ!»

«እሱስ መመስገን ነው» አለ መቀስ፣ ምላጩን እየጠረገ።

ሲስተር ነርስ ናት። በትልቁ ሆስፒታል የወንዶች ክፍል ኃላፊ ከሆነች ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ከሥራ ውጭም በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። አባቷ ራሱ ሰው ፊት ሲሆን «ሲስተር» ነው የሚላት፤ በልጁ ሙያ ይኮራል። ሃያ ሁለት ነርሶችን ከቀን ወደ ማታ፣ ከማታ ወደ ዕረፍት የምታሰማራው እሷ ናት። የአንዷ ልጅ ይታመማል፣ ሌላዋ ቤት ትቀይራለች፣ ሁለቱ ይኳረፉና አብረን አንገባም ይላሉ፤ የፈረቃው ሰሌዳ ግን ወር በገባ ቁጥር ሳይዛነፍ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ፣ ሁለት ሰው አራት ሌሊት የሚያድርበት ቤት ማግኘት አቅቷት ደብተሯን ከወንድሟ መስተዋት ሥር የምትወረውረው።

ነገሩ የቆየ ነው። አባቷ ፖስተኛ ነበር። በየማለዳው ቦርሳውን በብስክሌቱ ላይ ጭኖ፣ ከከተማው ጫፍ ተነስቶ፣ በወንዙ ዳር ባለው መንገድ እስከ ሦስተኛው ድልድይ ይሄድና ደብዳቤውን አድሎ ይመለሳል። ከሦስተኛው ድልድይ ወዲያ የሌላ ፖስተኛ ክልል ነው። ወንዙ ግን የሰው ክልል አያውቅም፤ እየሰፋ፣ እየሰነፈ ሄዶ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ያንን ሐይቅ አባቷ በሌላ ሰው ፖስትካርድ ላይ እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ሲስተር ልጅ ሳለች ከፊቱ፣ በብስክሌቱ ብረት ላይ ያስቀምጣትና እስከ መንገዱ መታጠፊያ ወስዶ ያወርዳታል። «እስከ ሐይቁ ውሰደኝ» ብላ ስታለቅስበት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ጡረታ ስወጣ።»

ጡረታ ከወጣ አስራ አንድ ወሩ ነው። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሲስተር ለሦስት ዓመት ያላየችውን የዓመት ፈቃድ ለምና፣ ተከራክራ፣ የሌሎችን የበዓል ተራ በራሷ ላይ ጭና ነው ያገኘችው። ይሄ ካመለጠ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ አታውቅም፤ የዚያን ጊዜ የአባቷ ጉልበት ይኑር አይኑር ደግሞ ማንም አያውቅም። በየቀኑ በክፍሏ የሚገቡትን የስልሳ አምስት፣ የሰባ ዓመት ሰዎች ታያለች። «ለከርሞ» የሚባለው ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ዋጋ የለውም።

ያወጣችው ዕቅድ የሚያስጎመጅ ነበር። ውድድር አይደለም፤ ሽርሽር ነው። በቀን ሃያ አምስት፣ ቢበዛ ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነስቶ፣ ቀትር ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ዳቦና አይብ በልቶ፣ አንድ ሰዓት ጋደም ብሎ፣ አስር ሰዓት ላይ ማደሪያ መግባት። የመጀመሪያዋ ሌሊት የድሮ ወፍጮ ቤት፤ ውሃው ከመስኮቱ ሥር ሲወርድ ይሰማል አሉ። ሁለተኛዋ ማደሪያ የተደረገ አሮጌ ትምህርት ቤት፤ ሦስተኛዋ አንድ ንብ አርቢ ከቤቱ ፎቅ ላይ የሚያከራየው ክፍል፤ አራተኛዋ ሐይቁ ዳር። በአምስተኛው ቀን ብስክሌቶቹን አውቶብስ ላይ አስጭኖ መመለስ። ለዚህ ስትል የአባቷን ደም ግፊት ለካች፣ ልቡን አዳመጠች፣ ጉልበቱን እያጠፈችና እየዘረጋች ፈተሸች። «እንደ አሮጌ መኪና ገዢ ጎማዬን በእግርሽ መምታት ብቻ ነው የቀረሽ» ብሏት ነበር።

ከዚያ ነው መከራው የጀመረው።

አባትየው ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ይኖራል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ አልጋውን ከትልቁ ክፍል አውጥቶ ወደ ትንሿ አግብቶታል፤ ብርድ ይቀንሳል ይላል። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ አልጋው ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ የብስክሌቱን መሪ፣ በሌላው የመታጠቢያ ቤቱን በር መንካት ይችላል። ሲስተር እዚያች ክፍል ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው በመጀመሪያው ቀን ስለ ወፍጮ ቤቱ ያነበበችለት።

«ሰማያዊ በር ያለው? ባለወፍጮዋ ጋ?» አለ። ከሦስተኛው ድልድይ ወዲህ ያለውን በር ሁሉ በቀለሙ ያውቀዋል። «አይሆንም። ውሻ አላት።»

«ውሻው አርጅቷል፤ ጥርስ የለውም ብላኛለች።»

«ጥርስ ባይኖረው ድምፅ አለው።»

«ድምፅ ይነክሳል እንዴ አባዬ?»

«አንቺ አታውቂውም» አለና ወደ ብስክሌቱ ሰንሰለት ዞረ። ሰንሰለቱ ንጹሕ ነበር፤ ግን መጥረግ ጀመረ።

በሁለተኛው ቀን ትምህርት ቤቱን አመጣች። ዋጋው ደህና፣ አንሶላው ነጭ፣ ክፍሉ የየብቻ።

«ኮሪደር አለው?»

«ትምህርት ቤት አይደል? ይኖረዋል።»

«ኮሪደር ያለው ቤት አልወድም። ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል። አንቺ ለምደሽው ይሆናል።»

በሦስተኛው ቀን ንብ አርቢው። ስለ ማሩ፣ ስለ ፎቁ መስኮት፣ ከመስኮቱ ስለሚታየው ሜዳ እያጋነነች አወራችለት። እስክትጨርስ በትዕግሥት አዳመጣትና፣ «ፎቅ ከሆነ ደረጃ አለው» አለ።

«ጉልበትህ ደህና ነው፤ እኔው ነኝ ያየሁት።»

«ደረጃው ይንቋቋል። የእንጨት ደረጃ ይንቋቋል።»

«ቢንቋቋስ? ሌባ ነህ?»

አባትየው የብስክሌቱን ደወል በአውራ ጣቱ ጠረገ። ከዚያ፣ ሲያስብበት እንደቆየ ሁሉ፣ «ለመሆኑ ማደር ምን አስፈለገ?» አላት። «አንድ ቀን እስከ አንድ ቦታ ሄደን እንመለስ፤ በማግሥቱ ሌላ ቦታ ሄደን እንመለስ። ማታ ማታ ሰው ቤቱ ሲገባ ነው ደስ የሚለው።»

«ሐይቁ መቶ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ሄደን እንመለስ ትለኛለህ?»

«እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ሄጄ ተመልሻለሁ።»

ይሄኔ ሲስተር ምክንያቱን ያገኘችው መሰላት። የፖስተኛ ልማድ ነው አለች ለራሷ፤ ቦርሳው ከመሸ ከቤት ውጭ አያድርም የተባለ ሰው፣ ቦርሳውን ካስረከበ በኋላም ሕጉ ከጀርባው አልወረደም። ስለዚህ ይበልጥ ቤት ቤት የሚሸት ማደሪያ ፍለጋ ገባች። አንዷ መምህርት፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ባልና ሚስት ዳቦ ጋጋሪዎች። አንዱን «ግቢው ሰፊ ነው» አለ። ሰፊ ግቢ ጉድለት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ሌላውን «ከሰዎቹ መኝታ ጋር ግድግዳ ይጋራል» አለ። እያንዳንዱን ቤት ስትይዝና ስትለቅ፣ ስትይዝና ስትለቅ፣ በወንዙ ዳር ያለ አከራይ ሁሉ ድምፅዋን ለየው።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ፤ ጊዜ ነበር የሌላት። ማክሰኞ ጠዋት የነርሶች ሁሉ አለቃ የሆነችው ሜትሮን ቢሮዋ አስጠራቻት።

«የፈቃድ ፎርምሽን አላመጣሽም።»

«አድራሻ የሚለው ጋ ነው የያዘኝ።»

የሆስፒታሉ ደንብ ነው፤ የክፍል ኃላፊ ፈቃድ ስትወጣ በየሌሊቱ የምትገኝበትን አድራሻና ስልክ ትሞላለች፤ ችግር ቢፈጠር ትጠራለች። ደንቡን በነርሶቿ ላይ ስታጠብቅ የኖረችው ደግሞ ራሷ ሲስተር ናት። አንዴ አንዷ ልጅ «አክስቴ ቤት» ብላ ሞልታ፣ «የትኛዋ አክስት? ስንተኛ በር?» ብላ ፎርሙን መልሳባት ነበር።

«ያንቺን ሳምንት የምትፈልግ ሌላ የክፍል ኃላፊ አለች» አለች ሜትሮኗ። «ቤት ትቀይራለች። አራቱም ሌሊት የታወቀ ከሆነ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ድረስ አምጪ። ካልሆነ ለእሷ እሰጣለሁ።»

«ሜትሮን፣ ሦስት ዓመት እኮ ነው…»

«አውቃለሁ። ሐሙስ። ስድስት ሰዓት።»

በዚያው ቀን ከሥራ ስትወጣ ልብሷን ሳትቀይር አባቷ ጋ ሄደች። መቀስም ደንበኛ ስላልነበረው ከኋላዋ ተከትሎ በሩን ተደግፎ ቆመ። አባትየው ሰንሰለቱን እየጠረገ ነበር። ያቺን ጨርቅ ስታይ የያዘችው ትዕግሥት ተሟጠጠ።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከእኔ ጋር መሄድ አትፈልግም፤ አይደል?»

«መቼ ወጣኝ እሱ?»

«ታዲያ ምንድነው? ውሻ ትላለህ፣ ደረጃ ትላለህ፣ ኮሪደር ትላለህ፣ ግቢ ሰፋ ትላለህ! በሽተኞቼ እንኳ እንዲህ አያደርጉኝም! ሐሙስ ፈቃዴን ለሰው ይሰጡብኛል። ሠላሳ ዓመት ነው የጠበቅሁት፤ ጡረታ ስወጣ ብለኸኝ! እምቢ ካልክ እምቢ በል፣ ቁርጡን ልወቅና አርፌ ልቀመጥ!»

አባትየው ጨርቁን አጠፈ፤ እንደገና አጠፈ። ጆሮው ቀልቷል። «ሰው ፊት አትጩኺብኝ» አለ፣ ሰው በሌለበት።

«የት አለ ሰው? መቀስ ነው!»

«እኔም ሰው ነኝ እኮ» አለ መቀስ ከበሩ።

አባትየው ተነስቶ፣ በሁለቱ መካከል አልፎ መታጠቢያ ቤት ገባና ዘጋው። ቆዩ። ውሃ ሲወርድ ይሰማል፤ ሰውዬው ግን አይወጣም። ሲስተር ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

መቀስ እስከ መንገዱ ሸኛት። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት አንቺ ነሽ» አላት። «ሆስፒታል ስመጣ ስሰማሽ ድምፅሽ ማር ነው። ‹አባቴ፣ እንዴት አደሩ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?› ትያለሽ። እዚህ ስትመጪ መጋዝ።»

«እሱ አይመልስልኝማ!»

«እኔን ስሚኝ፤ ሰውዬው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እየደበደበ ነው። ውሻ አይደለም ነገሩ። አህያው ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።»

ረቡዕ ጠዋት የተኙትን ዞራ ከጨረሰች በኋላ ስልኳን ይዛ ወደ ክፍሉ ኮሪደር መጨረሻ ሄደች። ለሰባቱም ደውላ የያዘችውን ክፍል ሰርዛ ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር፤ ተስፋ ቆርጣለች። መጀመሪያ ባለወፍጮዋ ጋ ደወለች።

«አንቺ ነሽ አይደል? ልትሰርዢ ነው?» አለች ባለወፍጮዋ፣ ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳትባል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ…»

«ሦስት ጊዜ ያዝሽ፣ ሦስት ጊዜ ለቀቅሽ። ክፍል ነው ወይስ የበር መዝጊያ? ትከፍቺያለሽ፣ ትዘጊያለሽ! ሰሞኑን ደግሞ ሰዉን ምን እንደነካው እንጃ። ትናንትና ማታ አንድ ሽማግሌ ደወለልኝ። ስሙን አይናገር፣ ክፍል አይከራይ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ‹ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤቱ ስንት እርምጃ ነው?› ይለኛል።»

ሲስተር የኮሪደሩን ግድግዳ ተደገፈች።

«ግቢውን አቋርጦ ነው፣ ወደ አርባ ይሆናል አልኩት። ‹ውሻው ሌሊት ሰው ሲያይ ይጮኻል ወይ?› አለኝ። ምን ሊያደርግ ነው ታዲያ የማኖረው፣ ሊያነብልኝ? ይጮኻል አልኩት። ‹ቤቱን በሙሉ ይቀሰቅሳል ማለት ነው› አለ፣ ለኔም አይደለም የሚያወራው፣ ለራሱ ነው። ከዚያ ‹እግዜር ይስጥልኝ እመቤት› ብሎ ዘጋው። ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አለሽ ወይ?»

«አለሁ» አለች ሲስተር። «አለሁ እናቴ። መልሼ እደውላለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆመች። በእጇ የያዘችው የጠዋቱ ዙር መዝገብ ነው። ከላይ እስከ ታች አስራ አንድ ወንዶች፤ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት አንድ ቁጥር። ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ብላ ጠይቃ የሞላችው ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት። በየቀኑ ትጠይቃለች። ከሽማግሌዎቹ የሚያፍር ሲገጥማት ወንበር ስባ ትቀመጥና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አባቴ» ትላለች፤ እነሱም ይነግሯታል። የገዛ አባቷን ጉልበት አጥፋ ዘርግታለች፣ ልቡን ሰምታለች፣ ደም ግፊቱን ለክታለች። ይሄን አልጠየቀችውም። እንዴት ተደርጎ ይጠየቃል? እሱስ ለልጁ ምን ብሎ ይነግራታል? የሚንቋቋው ደረጃ፣ የሚጮኸው ውሻ፣ ሰፊው ግቢ፣ የሚጋራው ግድግዳ፤ አንድ በአንድ ተደረደሩላት። እናቷ ብትኖር ይሄን ሁሉ በአንድ ቃል ትጨርሰው ነበር።

ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ባለቤት ብቻ ነው የለወጠው። በራሷ ተናደደች። ከዚያም፣ እውነት ለመናገር፣ በእሱም ተናደደች፤ ለባዳ ሴት ደውሎ የጠየቀውን ለሷ ከመናገር ጉዞው ቢቀር መርጧል። ከዚያም የሰው ልጅ ከአልጋው አርባ እርምጃ ርቆ መጸዳጃ በሠራው ግንበኛ ሁሉ ተናደደች።

በምሳ ሰዓት ምሳዋን ትታ እንደገና መደወል ጀመረች። አሁን የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ መጸዳጃው ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? አንዷ «ውስጥም ውጭም አይደለም» ብላ አዞረቻት። አንዱ «ለሴት ነው ለወንድ?» አለ። ሌላው ጋዜጠኛ መስላው ዘጋባት። ሁለት ሰዓት ፈጅታ ያገኘችው ይሄ ነበር። አስራ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያድሩበት ሆቴል፤ መስኮቱ የሚያየው ነዳጅ ማደያ ነው። ከዚያ አርባ አንድ ኪሎ ሜትር መጸዳጃው ውስጥ የሆነ ቤት የለም። አርባ አንደኛው ላይ አንድ ፋርማሲስት አዲስ ቤት ሠርቶ፣ ቀለሙ እንኳ ሳይደርቅ የሚያከራየው ክፍል። የሐይቁ ዳር ማረፊያ ደግሞ እግረ መንገዷን ስትጠይቀው ውስጥ ነው አላት። የውሃ ድምፅ፣ ነጭ አንሶላ፣ ጥላ ሥር የሚውል ቀትር፣ ሁሉም ቀረ። አንድ ቀን አስራ ስምንት፣ በማግሥቱ አርባ አንድ! ለአንዷ ነርሷ እንዲህ ያለ ፈረቃ ብታወጣ ሰሌዳውን ቀድዳ ፊቷ ላይ ትጥለው ነበር።

ሦስተኛዋ ሌሊት ባዶ ቀረች። በዚያ አካባቢ ያለው ንብ አርቢው ብቻ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ብላ ደወለችለት፤ ደክሟትም ስለነበር ማስመሰሉን ተወችው።

«ጋሼ፣ እኔ ያቺ ነርስ ነኝ። ልዋሽዎ አልፈልግም። አባቴ ሌሊት ይነሳል። በዚያ ፎቅና ደረጃ አይሆንለትም፤ ሰው ይቀሰቅሳል ብሎ ያፍራል። ከታች ክፍል የለዎትም?»

 በዚያኛው በኩል ሰውዬው ሳቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ቀድመሽ አትነግሪኝም? ከታች ክፍል አለኝ፤ መጸዳጃውም እዚያው ነው። ግን እኔ ነኝ የምተኛበት። ለምን ፎቁን ለእንግዳ ትቼ ወደ ታች የወረድኩ ይመስልሻል? ለዚሁ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ አንድ ሌሊት ፎቅ…»

«እኔስ የት ልሂድ? እንደ ድመት በጣራ ልውረድ?» እንደገና ሳቀ። «ሁለተኛ አልጋ አለ። የወንድሜ ነበር። ካልናቀኝ አብሮኝ ይተኛ። አንዳችን ስንነሳ አንዳችን መብራት እናበራለን።»

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲስተር ፀጉር ቤቱ ገባች። መቀስ ፎጣዎቹን ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። አባትየው በደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጦ ያለፈ ሳምንት ጋዜጣ ይዟል። ከማክሰኞ ወዲህ አልተያዩም። «እንዴት አደርክ» አለችው፤ «ደህና» አላት። ጋዜጣውን አላወረደም።

ሲስተር ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መስተዋቱ ፊት ለፊታቸው ነው፤ ሁለቱም መስተዋቱን እንጂ እርስ በርስ አልተያዩም። እንዲህ መሆኑ ደግ ሆነ።

«አዲስ ዕቅድ አውጥቻለሁ። ላንብብልህ፤ ከጨረስኩ በኋላ የምትለውን ትላለህ።»

«አንብቢ።»

«አንደኛ ሌሊት፣ የሾፌሮቹ ሆቴል። አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር።»

«ያ ነዳጅ ማደያው ጋ ያለው? አስቀያሚ ነው። እግር ሳይላቀቅ እንደርሳለን።»

«አስቀያሚ ነው። ሁሉም ክፍል የየራሱ መታጠቢያ አለው። ሁለተኛ ሌሊት፣ አንድ ፋርማሲስት ጋ። አርባ አንድ ኪሎ ሜትር፣ በቀስታ ቀኑን ሙሉ። እዚያም ውስጥ ነው። አራተኛው ሐይቁ ዳር፤ እሱም ውስጥ ነው።»

ጋዜጣው አልተንቀሳቀሰም። በመስተዋቱ ውስጥ የአባቷ ጆሮ ቀስ እያለ ሲቀላ አየች። ወደ በሩ ዞር ብላ መንገዱን አየች፤ ቀይ ጆሮውን እንዳላየች እንዲቆጠርላት። ከእንግዲህ ምን እንደምትል አታውቅም። መዝገቧ ላይ ያሉት አሥራ አንድ ወንዶች ቢሆኑ ታውቅ ነበር።

«ሦስተኛውን ዘለልሽው» አለ።

«ሦስተኛው ንብ አርቢው ነው። ፎቁ አይደለም፤ ከታች፣ እሱ ከሚተኛበት ክፍል። ሁለት አልጋ አለ። አንተና እሱ፤ እኔ ፎቅ።»

«ከማላውቀው ሰው ጋር? ለምን?»

«መጸዳጃው እዚያ ስለሆነ። እሱም ለዚያ ነው ከታች የሚተኛው።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «እሱም ሌሊት ይነሳል።»

ውጭ የአንድ ሱቅ የብረት መዝጊያ ተንኳኩቶ ተከፈተ። አባትየው ጋዜጣውን አጠፈ፤ በአራት አጠፈና ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«እሱ ስንት ጊዜ ነው የሚነሳው?» አለ።

«አልጠየቅሁትም።»

«ነርስ አይደለሽ? መጠየቅ ነበረብሽ።»

«አዎ» አለች። «መጠየቅ ነበረብኝ።»

አባትየው በመስተዋቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ አያት። «እኔ አራቴ ነው» አለ። «ብርድ ሲሆን አምስቴ። ከክረምት ወዲህ ነው።»

ሲስተር ወንበር ስባ አልተቀመጠችም፣ የማር ድምፅዋንም አላወጣችም። «ሐኪም ያየዋል» አለች እንዲያው፣ ስለ ጎማ እንደሚወራ። «ስንመለስ።»

«ካንቺ ክፍል አይደለም።»

«ከኔ ክፍል አይደለም።»

«አብረሽኝም አትገቢም።»

«በር ላይ እቆማለሁ።»

«በርም ላይ አይደለም፤ ብስክሌቱን ትጠብቂያለሽ።» ከዚያ ደብተሩን ከእጇ ወስዶ፣ ከዓይኑ አርቆ፣ አርባ አንድ የሚለውን ቁጥር በጥፍሩ ነካ። «ይሄኛው አይሆንም። ከሦስተኛው ድልድይ በፊት ያለው አቀበት ጠጠር ነው፤ ደብዳቤ የያዘ ሰው እንኳ ወርዶ ነው የሚገፋው። አርባ አንድ ብለሽ በቀስታ ስትዪ አሥራ ሁለት ሰዓት ይመታብናል። አንድ ሰዓት ላይ መነሳት አለብን።»

«ሁለት ሰዓት ብያለሁ። ዕረፍት እኮ ነው አባዬ!»

«አንድ ሰዓት።»

«ሁለት!»

«ፎርምሽ እስከ ስንት ሰዓት ነው ያልሽው?»

«እስከ ስድስት።»

«ታዲያ እዚህ ተቀምጠሽ ከኔ ጋር ምን ትከራከሪያለሽ?» አለና ደብተሩን መለሰላት። «ሂጂ ሙዪው እንጂ።»